መነኩሴውን የተሸከመች ከተማ

ከበርሊን ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚነጉደው ፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ሳይሞላው ዊተንበርግ ያደርሳል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ነዋሪዎቿ ወደ 45 ሺህ ቢጠጉ ነው። የኤልበ ወንዝ በዳርቻዋ ያልፋል። አገሩ ሜዳ ነው፤ ተራራ የለመደ ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ እንኳ አያገኝም። ከተማዋ የአንድ ሰው ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በባቡር ጣቢያው ሰሌዳ ላይ ስሟ «የሉተር ከተማ ዊተንበርግ» ተብሎ ተጽፏል። ቢራው፣ ዳቦው፣ ካልሲው ሳይቀር በማርቲን ሉተር ስም ይሸጣል።

አብሮኝ የመጣው በርሊን የሚኖር የአጎቴ ልጅ ነው። እሱ ያደገው በሉተራኗ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እኔ ደግሞ በኦርቶዶክስ ቤት። ልጆች ሳለን የሰፈር ሰው እሱን «ጴንጤው» ይለው ነበር። በዐቢይ ጾም አያታችን ቤት ሁለት ድስት ይጣዳል፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለእነሱ። አያታችን ምሳ ላይ ከሁለቱም ቀምሳ አታውቅም፣ የእሷ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበርና። እንግዲህ እሱ ወደ ዊተንበርግ የመጣው ሊሳለም ነው ማለት ይቻላል። እኔ ይዤ የመጣሁት ጥያቄ ነበር። የዓለምን ታሪክ ከለወጡ የሃይማኖት ሰዎች መካከል ሲቆጠር የሉተር ስም አይቀርም። አንድ ሰው ግን እንዲህ ያለ ተፅዕኖ የሚያገኘው ከየት ነው? ከራሱ? ከተናገረው ቃል? ወይስ ከሌላ?

አሮጌው ከተማ ከዳር እስከ ዳር በእግር ቢኬድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አንዱ ዋና መንገድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘልቃል፣ ታሪኩም በዚያው ቅደም ተከተል ይገኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የሚገኘው ኦክ የሚባል ግዙፍ ዛፍ ነው። የዛሬው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተተከለ ቢሆንም ቦታው ግን ሉተር ዲሴምበር 10 ቀን 1520 ከሮም የመጣለትን የውግዘት ማስጠንቀቂያ ያቃጠለበት ነው ይባላል። በልጅነታችን በሥዕል ያየነው ሉተር ብቻውን በእሳት ፊት የቆመ ነው። እውነተኛው ትዕይንት ግን ሕዝብ የተሰበሰበበት ነበር። ተማሪዎችንና መምህራንን በማስታወቂያ የጠራው ፊሊፕ ሜላንክቶን ነው፤ ዕድሜው ገና 23 ዓመት፣ የግሪክኛ መምህር፣ ከሉተር ይልቅ ዝግ ያለ ሰው። ሉተር ያቀጣጥላል፣ ሜላንክቶን ይጽፋል፤ በ1530 በአውግስቡርግ ለንጉሠ ነገሥቱ የቀረበውንና ሉተራኖች እስከ ዛሬ የእምነታቸው መግለጫ አድርገው የያዙትን ሰነድ ያዘጋጀውም እሱ ነው። በዚያ ጉባኤ ላይ ሉተር አልተገኘም፤ በሕግ ጥበቃ የሌለው ሰው ስለነበር ሊገኝም አይችልም ነበር።

ከዛፉ አለፍ ብሎ ሉተር በመነኩሴነት የኖረበት የአውግስቲኖሳውያን ገዳም አለ። ኋላ ገዳሙ ሲፈታ የሳክሶኒ ገዥዎች ሕንፃውን ለእሱ ሰጡት፤ የመነኮሳት ማደሪያ የነበረው ሚስትና ስድስት ልጆች ያሉት ሰው ቤት ሆነ። ሚስቱ ካታሪና ፎን ቦራ ራሷ መነኩሲት ነበረች፤ በ1523 ከሌሎች መነኮሳይት ጋር በሌሊት ከገዳም አምልጣ ወጣች፣ በ1525 ተጋቡ። ያንን ሁሉ ቤት የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። ቢራ ትጠምቃለች፣ ከብት ታረባለች፣ አትክልት ትተክላለች፣ ተማሪዎችን በክፍያ ታሳድራለች። ሉተር ገንዘብ መቁጠር የማይሆንለት ሰው ስለነበር እሷ ባትኖር የእንግዳው ብዛት በረሃብ ይጨርሰው ነበር።

ፎቁ ላይ ግድግዳውም ወለሉም እንጨት የሆነ ክፍል አለ። እራት የሚበላው፣ ክርክሩ የሚነሳው እዚያ ነበር። ተማሪዎቹ እየበሉ ንግግሩን ይጽፉ ነበር፤ ጽሑፋቸው ተሰብስቦ በ1566፣ ሉተር ካረፈ ከ20 ዓመት በኋላ ታተመ። በበሩ መቃን ላይ የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ በ1712 ሲጎበኝ በጠመኔ የጻፈው ስሙ በመስተዋት ተሸፍኖ ይታያል። የነገሥታት ስም በመስተዋት ተጠብቋል። እኔ ግን በዚያ ቤት የፈለግሁት የሌላ እንግዳ ስም ነበር።

በ1534 የበጋ መግቢያ ላይ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ደረሰ። ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ስለ ሥላሴ፣ ስለ ቅዳሴና ስለ ቁርባን ተነጋገረ። ጁላይ 4 ቀን የተጻፈ የምስክርነት ደብዳቤም ይዞ ሄደ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይህ እንግዳ በእምነት ከእኛ ጋር ይስማማል፣ የሥርዓት ልዩነት የቤተ ክርስቲያንን አንድነት አያፈርስም፣ ክርስቲያኖች ሁሉ ይቀበሉት የሚል ነው። ያን ጊዜ በአገራችን ዐፄ ልብነ ድንግል ከኢማም አሕመድ ጦር ሸሽተው ከአምባ አምባ የሚንከራተቱበት፣ አብያተ ክርስቲያናት የሚቃጠሉበት ዘመን ነበር። እዚህ ደግሞ በዚያው ዓመት ሙሉው የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከሃንስ ሉፍት ማተሚያ ቤት ወጣ።

ጉዳዩን ያጠኑ የታሪክ ሰዎች እንደሚሉት ለሉተር የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቀላል ነገር አልነበረችም። ከሮም ሥልጣን ውጭ የኖረች፣ ካህናቷ የሚያገቡ፣ ሕዝቧ ሥጋውንም ደሙንም የሚቀበል ቤተ ክርስቲያን መኖሯ ክርክሩን ደገፈለት። የአጎቴ ልጅ ይህን ስነግረው ቆም ብሎ አየኝ።

«ታዲያ ማን ነው ከማን የተማረው? እኛ ከእነሱ ወይስ እነሱ ከእናንተ?»

«አትቸኩል» አልኩት። «ዲያቆኑ አላስተማራቸውም፤ መሰከረላቸው ብንል ይሻላል።»

«ምስክርስ ትንሽ ነገር ነው እንዴ?» አለኝ።

ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚያ ቤት ወጥተን ወደ ገበያው አደባባይ ስንሄድ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። አደባባዩ ላይ ሁለት ሐውልቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የሉተር በ1821፣ የሜላንክቶን በ1865 የቆሙ ናቸው። ከእነሱ አቅራቢያ የሠዓሊው የሉካስ ክራናኽ ቤት አለ። ክራናኽ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት፣ የወይን ጠጅ ነጋዴ፣ ኋላም የከተማዋ ከንቲባ የነበረ ብልህ ሰው ነው። ዛሬ በየመጽሐፉ የምናየው የሉተር መልክ ከእሱ እጅ የወጣ ነው፤ ያለ ክራናኽ የሉተርን ፊት የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ክራናኽ በሉተር መጽሐፍም እጁ አለበት። በ1521 በቮርምስ ጉባኤ ጽሑፉን አላነሳም ባለ ጊዜ ሉተር በሕግ ጥበቃ የሌለው ሰው ሆነ፤ ያገኘው ሊገድለው ይችላል። የሳክሶኒው ልዑል ጠቢቡ ፍሬድሪክ በመንገድ ላይ የተጠለፈ አስመስሎ በቫርትቡርግ አምባ ሸሸገው። ሉተር እዚያ ጢሙን አሳድጎ፣ የባላባት ስም ይዞ፣ አዲስ ኪዳንን 11 ሳምንት ያህል በሆነ ጊዜ ወደ ጀርመንኛ መለሰ። መጽሐፉ በሴፕቴምበር 1522 እዚሁ ዊተንበርግ ታተመ። የክራናኽ ቤት ሥዕሎች ነበሩበት፤ በራእይ መጽሐፍ የምትገኘው የባቢሎን ሴት የፓፓውን ባለ ሦስት ድርብ ዘውድ ደፍታ ተሣለች። ጩኸት ተነሳ፤ በዲሴምበሩ እትም ዘውዱ ተቆርጦ ተራ ዘውድ ሆነ። ወደ 3 ሺህ ቅጂ እንደሚሆን የሚገመተው የመጀመሪያው እትም ሦስት ወር ሳይሞላው አልቆ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሉተርን የጠበቀው ልዑል ማን ነበር? ከ19 ሺህ በላይ የቅዱሳን አፅምና ቅርስ የሰበሰበ፣ እነሱን ለሚሳለም ሰው የኃጢአት ስርየት የሚሰጥበት ስፍራ የገነባ ሰው ነው። ሉተር የተቃወመው ያንኑ የስርየት ንግድ ነው። ልዑሉ ግን መምህሩን አሳልፎ አልሰጠም። ዩኒቨርሲቲውን ያቋቋመው እሱ ነበርና ክብሩም ጥቅሙም ከዚያ ጋር ታስሯል። የሉተርን ሕይወት ያተረፈው የሐሳቡ ተከታይ አልነበረም ማለት ነው።

በአደባባዩ ቡና ይዘን ስንቀመጥ ወሬያችን ወደ ታላላቆቹ የሃይማኖት ሰዎች ሄደ። አሜሪካዊው ማይክል ሃርት በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ በታሪክ ከፍተኛ ተፅዕኖ ያሳደሩ መቶ ሰዎችን በደረጃ አስቀምጧል። አንደኛ ነቢዩ መሐመድ፣ ሦስተኛ ኢየሱስ ክርስቶስ፣ አራተኛ ቡድሃ። ምክንያቱም መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ነቢዩ መሐመድ ሃይማኖቱንም መንግሥቱንም በሕይወት ሳሉ መሠረቱ፣ የክርስትና መስፋፋት ግን ለኢየሱስና ለጳውሎስ ይከፈላል ይላል። አማኝ በዚህ ሚዛን አይስማማም፤ እኔም አልስማማም። ሆኖም ጸሐፊው ሳያስበው አንድ ነገር ነክቷል። ጳውሎስ ኢየሱስን በሥጋ ተከትሎት አያውቅም፤ ወንጌልን ግን ከኢየሩሳሌም አውጥቶ ከተማ ከከተማ ያዞረው እሱ ነው። የቡድሃ ትምህርት ከጋንጅስ ሸለቆ ወጥቶ እስከ ስሪላንካ የዘለቀው በንጉሥ አሾካ ዘመን ነው። ነቢዩ መሐመድን አስቀድማ ያመነቻቸው ባለቤታቸው ኸዲጃ ናት። ተከታዮቻቸው በመካ ሲሰደዱ በ615 ገደማ ያስጠጋቸው የእኛው ነጃሺ ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ያለ ኢዛና፣ ኢዛናም ያለ አባ ሰላማ አይነገርም። ዓለም ተናጋሪውን ያስታውሳል፤ ቃሉን የሚያደርሱት ግን አሳታሚዎች፣ ሚስቶች፣ ነገሥታት፣ አስጠጊዎችና ተርጓሚዎች ናቸው። ወንዝ ዓባይ የሚባለው ገባሮቹ ስለገቡበት ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ የሚል ትምህርት ነበር። ከአደባባዩ ጀርባ ያለው ደብር ግን እዚያ ላይ እንድናቆም አልፈቀደልንም።

ሉተር አብዛኛውን ስብከቱን የሰበከበት የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ማርያም ይባላል። የአጎቴ ልጅ ስሙን ሲያነብ ሳቀ። «አያቴ ብትሰማ ምን ትል ነበር! የሉተር ደብር ማርያም?» ስያሜው ብቻ አይደለም፤ ሉተር በ1521 የእመቤታችንን ጸሎት፣ ነፍሴ እግዚአብሔርን ታከብራለች የሚለውን፣ በሙሉ መጽሐፍ ተርጉሞታል፤ ወላዲተ አምላክ መሆኗንም እስከ ዕለተ ሞቱ አልካደም። በእኛ አገር ጓዳ ውስጥ ሁለቱን ድስት የለየው ጸብ በዚህ ደብር ውስጥ ቦታ ያጣል።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። በዚያው ቤተ ክርስቲያን በስተ ውጭ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በ1300 ገደማ የተቀረጸ ድንጋይ አለ። አንዲት እሪያ ትታያለች፤ ጡቷን የሚጠቡት አይሁድ ናቸው፣ ከኋላዋም ረቢ ቆሟል። አይሁድን ለማዋረድ የተሠራ ነው። ሉተር ድንጋዩን ያውቀዋል፤ በ1543 ባሳተመው ጽሑፍ ጠቅሶታል። በዚያው ዓመት ስለ አይሁድ በጻፈው ሌላ መጽሐፍ ምኩራባቸው ይቃጠል፣ ቤታቸው ይፍረስ፣ መጻሕፍታቸው ይወሰድ ብሎ መክሯል። አሥራ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1525፣ ባመጹት ገበሬዎች ላይ መሳፍንቱ ሰይፍ እንዲመዙ የጻፈም እሱ ነው።

የ1543ቱ መጽሐፍ ተቀብሮ አልቀረም። በኖቬምበር 1938 የናዚ ወሮበሎች ምኩራቦችን ካቃጠሉ በኋላ የቱሪንጊያ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ማርቲን ዛሴ የሉተርን ቃል አውጣጥቶ አሳተመ፤ ቃጠሎው የሉተር ልደት ቀን ላይ መዋሉንም እንደ ደስታ ቆጠረው። ከጦርነቱ በኋላ በኑረምበርግ ችሎት የቀረበው የናዚ ጋዜጣ አሳታሚ ዩልየስ ሽትራይኸር ሉተር ቢኖር እሱም እዚህ ይቆም ነበር ብሎ ተከራከረ። ወንጌልን በገበያ ሰው ቋንቋ እንዲነበብ ያደረገው ማተሚያና ጥላቻን አራት መቶ ዓመት ያሻገረው ማተሚያ አንድ ነው።

ከድንጋዩ በታች መሬት ላይ በ1988 የተቀመጠ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ፤ በመስቀል ምልክት ሥር የተገደሉትን ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ያስታውሳል። ድንጋዩ ይነሳ ወይስ ይቆይ የሚለው ክርክር እስከ ጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2022 ከነማብራሪያው ሊቆይ ይችላል ተብሎ ተወሰነ። የአጎቴ ልጅ ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ ሲያይ ቆየ።

«በሰንበት ትምህርት ቤት ይህን ማንም አልነገረን» አለ።

«ቢነግሩህ ትተው ነበር?»

«አልተውም። ግን አውቄ እይዘው ነበር።»

ከዚያ ወደ ምዕራቡ ጫፍ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት በር እዚህ ነው። ኦክቶበር 31 ቀን 1517 ሉተር 95ቱን የመከራከሪያ አንቀጾች በሩ ላይ ቸነከረ የሚለው ታሪክ ሊቃውንትን ያከራክራል፤ በዚያ ቀን ለማይንዙ ሊቀ ጳጳስ ለአልብሬክት መላኩ ግን የተረጋገጠ ነው። የእንጨቱ በር በ1760 በጦርነት ተቃጥሏል። የዛሬው በ1858 የተሠራ የነሐስ በር ነው፤ አንቀጾቹ በላቲን ተቀርጸውበታል። ሰው እጁን የሚያሳርፈው ሉተር ባልነካው በር ላይ መሆኑ ነው፤ በሩም ቢሆን የሌሎች ሥራ ነው።

ውስጥ፣ ከስብከቱ አትሮንስ ሥር፣ ሉተር ተቀብሯል። መቃብሩ ለስሙ የማይመጥን ትሑት ነው። ፊት ለፊቱ ሜላንክቶን አርፏል። የአጎቴ ልጅ ተንበርክኮ ጸለየ። እኔ አልተንበረከክሁም፤ የቆምኩትም ግን በንቀት አልነበረም።

ወደ ጣቢያው ስንመለስ ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አወራን። በ1972 መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች፤ የዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ እሳቸው ነበሩ። የአውሮፓ ለጋሾች ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለወንጌል ሥራ ግን እጃቸው ያጥራል፤ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ አትክፈሉት የሚል ነው ቁም ነገሩ። ከዊተንበርግ በሚስዮን እጅ አገራችን የገባው ትምህርት እርማት ይዞ ወደ መጣበት ተመለሰ። ቄስ ጉዲና በ1979 በደርግ እጅ ተገደሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ምዕመናን አሏት። በአሜሪካ ትልቋ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1994 ሉተር በአይሁድ ላይ የጻፈውን በይፋ አልቀበልም ብላለች። ሁለቱም የሉተር ልጆች ነን ይላሉ፤ ሁለቱም ከአባታቸው ቃል የሚይዙትንና የሚጥሉትን ለይተዋል።

«እናንተስ?» አለኝ የአጎቴ ልጅ። «የእናንተ ግድግዳ ላይ ድንጋይ የለም?»

አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት፣ በተለይም የእመቤታችንን ክብር በማስፋት ከእሳቸው የሚበልጥ ንጉሥ የለም። በጽሑፍ፣ በበዓላት፣ በሥዕል ያኖሩትን ዛሬም እንጸልይበታለን፤ እኔም በልጅነቴ የተማርኩት ነው። እኒያው ንጉሥ የአባ እስጢፋኖስን ተከታዮች ለመስቀልና ለሥዕል፣ ለንጉሥም አንሰግድም ስላሉ አሠቃይተዋቸዋል፣ አስገድለዋቸዋል። መነኮሳቱ መከራቸውን በግእዝ ጽፈው አኖሩ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ብለው ወደ አማርኛ መለሱት። ጌታቸው ቤተ ክርስቲያናቸውን በጥልቅ የሚወዱ ሰው ነበሩ። የገፊዋ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆነው የተገፉትን ድምፅ አደባባይ አወጡ።

የአጎቴ ልጅ መጽሐፉን እንዳውሰው ጠየቀኝ፤ እሱም የ1543ቱን በጀርመንኛ አንብቦ ሊነግረኝ ቃል ገባ። የሃይማኖት አባቶችን በደረጃ መደርደር ቀላል ነው፤ ክርክሩም አያልቅም። እነሱ ግን ተናግረው አልፈዋል። ከቃላቸው የትኛው ለልጆቻችን እንደሚደርስ የሚወሰነው በተቀባዩ እጅ ነው። ያገኘውን ሁሉ እንዳለ የሚያቀብል ሰው ለአባቱ የታመነ ሊመስለው ይችላል፤ በዚያ ድንጋይ ሥር ከቆምኩ ወዲህ ግን ይህን ታማኝነት ብዬ ልጠራው አልችልም።